ጠዋት እምቢ፣ ከሰዓት እሺ የሚል ፍሪሲዮን

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁለቱ ስለ ስፖርት መኪና ናቸው። ኮምቦልቻ ላይ ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሰ ሰው ስለ ኤንትሬ፣ ስለ አይሱዙ፣ ስለ ሃይሉክስ ቢጠየቅ ብርቅ አይደለም። ጣሪያዋ ስለሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ ስለምትይዝ መኪና ደሴ ላይ ሆኖ የሚጠይቅ ግን በዓመት አንድ ቢገኝ ነው። ደስ ብሎኝ መልሱን ትንሽ አስረዝሜዋለሁ። የአይሱዙ ባለቤቶች ቅር አይበላችሁ፤ ፍሪሲዮኑ ያው ፍሪሲዮን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንዴት ከረሙ? በፈረንጅ 1991 የተሠራች ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 አለችኝ። ወንድሜ አዲስ አበባ ሲነዳት ቆይቶ ለእኔ ሰጠኝ። ቤታችን ሆጤ ነው። ጠዋት ሞተር አስነስቼ ፍሪሲዮን ስረግጥ ፔዳሉ ባዶ ነው። አንደኛ ማርሽ እምቢ ይላል፤ የኋላው ደግሞ ሰፈር የሚቀሰቅስ ጩኸት ይጮሃል። ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ግን ይገባል። ኮምቦልቻ ውዬ ከሰዓት ስመለስ ምንም አይለኝም። ዘይቱ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ መሬት ላይ ግን አንድም ጠብታ አላየሁም። አንድ ጋራዥ ካምቢዮው ወርዶ ዲስኩ ይቀየር አለኝ። ምን ይመክሩኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካምቢዮውን አታስወርድ። ቢያንስ በዚህ ሳምንት አታስወርድ።

ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ነው። የሚታመመውም በሁለት መንገድ ነው። አንዱ «አልለቅም» ይላል፣ ሌላው «አልይዝም» ይላል። አልይዝም የሚለው፣ ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም። ዲስክ ሲያልቅ በአብዛኛው የሚመጣው ይሄ ነው። ያንተ የመጀመሪያው ነው። ትረግጣለህ፣ ሞተሩና ካምቢዮው አይላቀቁም፣ ማርሽም አይገባም። እስቲ ሞተሩን አጥፍተህ ማርሽ አስገባ። ያለ ትግል ከገባ የካምቢዮህን ነገር ለጊዜው እርሳው። የኋላ ማርሽ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚጮኸው በብዙ መኪኖች ላይ ሲንክሮ ስለሌለው ነው። ሲንክሮ ማለት ጥርሶቹ ከመጋጨታቸው በፊት ገብቶ የሚያስታርቅ ነው። የኋላ ማርሽ ሽማግሌ የለውም።

ነገሩ እንዲገባህ ከመድኃኒት ቤት ሁለት ስሪንጅ ግዛ። ውሃ ሙላቸውና በቀጭን ቱቦ አያይዛቸው። አንዱን ስትገፋ ሌላው ይወጣል። የመኪናህ ፍሪሲዮን ይሄው ነው። ከፔዳሉ ፊት ለፊት፣ ግድግዳው ላይ ያለው የላይኛው ፖምፓ ነው፤ መጽሐፉ ማስተር ሲሊንደር ይለዋል። ካምቢዮው ጎን ያለው የታችኛው ፖምፓ ነው። በመሃል ቱቦ አለ፣ ቱቦው ውስጥ የፍሬን ዘይት አለ። የታችኛው ፖምፓ ዘንግ ፎርኬታ የምንለውን ሹካ መሰል ብረት ይገፋል፣ ፎርኬታው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ዲስኩን ተጭኖ የያዘውን ሰሃን ምላሶች። ያኔ ዲስኩ ይለቀቃል። አሁን ስሪንጁ ውስጥ ትንሽ አየር አስገብተህ ድገመው። አንደኛውን ብዙ ትገፋለህ፣ ሌላኛው ግን ዘግይቶ ትንሽ ብቻ ይነቃነቃል። አየር ይጨመቃል፣ ዘይት አይጨመቅም። ሥራ ለመልመድ የሚመጡ ልጆችን ሁሉ የማስጀምራቸው በዚህ ነው፤ ከአንድ ቀን ወሬ ይሻላል።

አንተ ሳታውቀው ሦስት ፍንጭ ጽፈህልኛል።

ቶሎ ቶሎ ሲረገጥ ይስተካከላል ብለሃል። ትልቁ ይሄ ነው። የተሰነጠቀ ፎርኬታ ወይም የተጣመመ ዲስክ መቶ ጊዜ ብትረግጠው አይሻለውም። በመርገጥ ብዛት የሚሻለው ወይ አየር የገባበት ነው፣ ወይ ዘይቱ ፖምፓው ውስጥ ባለው ጎማ ጎን የሚሾልክበት። ሁለቱም የዘይቱ ቤት ጉዳይ ነው እንጂ የዲስኩ አይደለም።

ጠዋት ይብሳል፣ ከሰዓት ይሻለዋል ብለሃል። ፖምፓው ውስጥ ዘይቱን የሚገፋው ትንሽ የጎማ ቆብ ነው፤ እኛ ጎሚኒ እንለዋለን። ሲያረጅ እንደ ቆዳ ይደርቃል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ባደረበት ጠዋት ደግሞ ይኮማተርና ግድግዳውን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደህ ጃኬትህን ታወልቃለህ፣ ጎሚኒውም እንዳንተው ይፍታታል። የሞተሩ ሙቀት ሲጨመርበት ትንሽ ያብጥና ይዘጋል። «ከፍታው ነው፣ አየሩን ያሰፋዋል» የሚልህ ሰው አይጠፋም። ውሸት አይደለም፤ ግን ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ለውጥ ከአሥር እጅ አንዱን አይሞላም። እሱ ብቻውን ማርሽ አይከለክልም።

ዘይቱ ይጎድላል ብለሃል። እዚህ ላይ ባለሙያ የሚባሉትም ይሳሳታሉ። የፍሬን ሸራ ሲሳሳ የፍሬን ዘይት ዕቃው ውስጥ ዝቅ ይላል፣ ያ ያለ ነው። ፍሪሲዮን ግን ተቃራኒው ነው። ዲስኩ እየሳሳ ሲሄድ ምላሶቹ የታችኛውን ፖምፓ ወደ ውስጥ ይመልሱታል፣ ዘይቱም ወደ ላይ ይመለሳል። ስለዚህ የፍሪሲዮን ዘይት ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈስሷል፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ያንተ መኪና ደግሞ የፍሪሲዮኑ ዕቃ ከፍሬኑ የተለየ ስለሆነ መምታታት የለም። ጠብታ አለማየትህ አይግረምህ። ዘይቱ የሚደበቅበት ቦታ ሁለት ነው፤ አንዱ እግርህ ሥር ያለው ምንጣፍ፣ ሌላው የታችኛው ፖምፓ ጫፍ ላይ ያለችው የአቧራ መከላከያ ጎማ።

ይህን ሁሉ ጽፌ መጽሔቱ እስኪወጣ ከማስጠብቅህ ብዬ ስልክ ደወልኩልህ። ከዚህ በታች ያለው ለሌሎች አንባቢዎች ነው፤ አንተማ ከነዘይቱ ታውቀዋለህ።

እሁድ ጠዋት ነበር። መጀመሪያ ያስቸገረን ሜዳ ማግኘት ነው። ደሴ ላይ ደጃፉ ጠፍጣፋ የሆነ ሰው ዕድለኛ ነው። ጓደኛው ግቢ ወስዶ አቆማት። የኋላ ጎማዎቹን በሁለቱም በኩል ታኮ አስደረግኩት፣ ፊቱን በክሪክ አንስቶ በካቫሌቶ፣ በብረት መደገፊያ ላይ፣ አስቀመጠው። ክሪክ ብቻ አምኖ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ካለ ይሄን ዓምድ አያንብብ፤ ከእኔ ጋር አንስማማም። ሞተሩ ጠፍቷል። እህቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ እሱ ሥር ተጋደመ፣ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ደረቱ ላይ አደረገው።

ከመጋደሙ በፊት ምንጣፉን ገልጦ ከፔዳሉ በላይ ያለውን ግድግዳ በጣቱ እንዲዳብስ ነግሬው ነበር። ደረቅ ነው አለኝ። ቀለሙም አልተላጠም። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ የላይኛው ፖምፓ ወደ ውስጥ ሲያፈስ ቀለሙ ቀድሞ ይናገራል።

«ከካምቢዮው በቀኝ በኩል በሁለት ቡሎን የታሰረች ትንሽ ብረት አለች?»

«አየኋት ጋሼ።»

«ጫፏ ላይ የተሸበሸበች ጎማ አለች። በካቻቪቴ ሳይሆን በጥፍርህ ከጠርዟ ገልጣት።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ውይ!» ሲል ሰማሁ። ጥቁር ዘይት በእጅጌው ገብቶ እስከ ክርኑ ወርዷል። እህቱ ከላይ ስትስቅ ይሰማል።

እዚያች ጎማ ሥር ትንሽ እርጥበት ብታገኙ አትደንግጡ። ተጠራቅሞ ከፈሰሰ ግን የታችኛው ፖምፓ ጎሚኒ አልቋል። ጥቁረቱ የተፈጨ ጎማና ቆሻሻ ነው። ጤነኛ የፍሬን ዘይት እንደ ቀጭን ሻይ ያለ መልክ ነው ያለው።

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ «በቃ ተገኘ» ብሎ ይነሳል። እኔ አላስነሳሁትም። የተማሪ ማስመሪያ ዘንጉ አጠገብ እንዲይዝ አደረግኩ።

«እቱ፣ አንዴ ብቻ ርገጪና ያዢ። አንተ ጣትህን ከፎርኬታው አርቅ!»

ዘንጉ የሄደው 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረግጣ አምስተኛው ላይ ስትይዝ 13 ሆነ። በአብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ መሄድ አለበት። ስለዚህ በ6 ማርሽ አይገባም፣ በ13 ይገባል። ጠዋት ጠዋት የሚያየው ነገር በማስመሪያ ተጻፈ ማለት ነው። ከዚያ እህቱ ፔዳሉን እንደያዘች እንዲቆጥር ነገርኩት። 20 ሳይደርስ ዘንጉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተመለሰ። መብራት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ቆማችሁ፣ መኪናው በገዛ እጁ መሳብ ከጀመረ ነገሩ ይሄው ነው።

ግን የሚመለሰው በታችኛው ፖምፓ ምክንያት ብቻ ነው ወይስ የላይኛውም አለበት? ይህን ለመለየት ከብረቱ ቱቦ ቀጥሎ ያለችውን የጎማ ቱቦ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቀስ ብሎ ቆነጠጣት። አሁን የላይኛው ፖምፓ ብቻውን ነው። እሱ ጤነኛ ቢሆን ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ ይቆም ነበር። አልቆመም። እህቱ «እየሰመጠብኝ ነው» አለች። የላይኛው ጎሚኒም አልቋል ማለት ነው። ዘይቱ ወደ ውጭ አይወጣም፣ በጎሚኒው ጎን አልፎ ወደ ዕቃው ይመለሳል። ምንጣፉ ደረቅ የሆነው ለዚህ ነው። የተቆነጠጠች አሮጌ ቱቦ አትታመንም፤ እሷንም ጨምራችሁ ቀይሩ።

ሁለቱም ማለቃቸው አልገረመኝም። በአንድ ዘመን የተሠሩ፣ አንድ ዓይነት ዘይት የጠጡ መንትዮች ናቸው። አንዱን ብቻ አዲስ ብታደርግ ጥቂት ወር ሳይቆይ ሌላው ይከተላል፣ አንተም ያንኑ አየር የማውጣት ሥራ ትደግማለህ።

አዲስ ፖምፓ ደሴም ኮምቦልቻም አታገኝም። አዲስ አበባ ፈልግ፣ ካልሆነም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለምን። ስታዝ የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር ስጥ፤ አሮጌውን ፈተህም መጠኑን አንብብ፣ ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ላይ ተቀርጿል። «ይሄም ይገጥማል» የሚልህን ነጋዴ አትስማው። ቡሎኑ መግጠሙ ምንም ማለት አይደለም። ለምሳሌ የታችኛው የውስጥ ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር የነበረውን በ22 ብትቀይረው ፔዳሉ ይቀልልሃል፣ ደስ ይልሃል። ነገር ግን ዘንጉ ከሚሄደው ሩቡን ያህል ታጣለህ። 13 የነበረው 10 እንኳ አይሞላም። አዲስ ዕቃ ገጥመህ ማርሽ አሁንም እምቢ ሲልህ ወደ ካምቢዮው ትሄዳለህ። ስንት ካምቢዮ በዚህ ምክንያት በከንቱ ወርዷል!

ጎሚኒውን ብቻ እቀይራለሁ ካልክም ይቻላል፣ ርካሽ ነው። መጀመሪያ ግን የፖምፓውን ውስጥ በትንሿ ጣትህ ጥፍር ዳብሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ተወው፤ አዲሱን ጎሚኒ በሳምንት ይበላዋል። ስታጥብም በቤንዚን አታጥብ፣ በናፍጣም አታጥብ። በአልኮል ወይም በራሱ በንጹሕ የፍሬን ዘይት እጠበው።

ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። ልጅ ሆኜ ዕቃ አጣቢ ሳለሁ የአንድ ደንበኛ መኪና ፍሪሲዮን ዘይት ጎድሎ አየሁ። አለቃዬ ምሳ ሄዷል። እኔ ደግሞ «ዘይት ዘይት ነው» ብዬ ከመሪ ዘይት ቆርቆሮ ቀድቼ ሞላሁት። በሳምንቱ ሰውየው ተመለሰ፣ ፔዳሉ ወርዶ አይነሳም። ክዳኑ ሥር ያለችው ጎማ አብጣ እንደ እንጉዳይ ተጥመልምላለች። ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎችም እንደዚያው። ሁለቱም ፖምፓ፣ ቱቦውም ጭምር ተጣለ። አለቃዬ አልመታኝም፣ አልሰደበኝምም። የሻይ ብርጭቆ ውሃ ሞላና ከዚያ ዘይት ጠብ አደረገበት፤ እንደ ወጥ ቅባት ተንሳፈፈ። በሌላ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ንጹሕ የፍሬን ዘይት ጠብ አደረገ፤ ወርዶ ተቀላቅሎ ጠፋ። ዋጋውን ከደሞዜ ቆረጠ። እስከ ዛሬ ያልታሸገ ዘይት ሲያመጡልኝ መጀመሪያ የማነሳው ብርጭቆ ነው። አንተም ወንድምህ ምን ሲሞላባት እንደነበር ስለማታውቅ ሞክረው። ብርጭቆውን ግን ከቤት ዕቃ ለይ፣ ዘይቱ መርዝ ነው።

አዲሶቹን ከገጠምክ በኋላ የሚቀረው አየሩን ማውጣት ነው። ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚባለውን የፍሬን ዘይት ያልተከፈተ ግዛ። ከታችኛው ፖምፓ አየር ማውጫ ቪቴ ላይ የሚታይ ቱቦ አድርገህ ጫፉን ትንሽ ዘይት ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከር። እህትህ ቀስ ብላ ትርገጥና ትያዝ፤ ክፈት፤ አረፋው ይውጣ፤ ዝጋ፤ ከዚያ ትልቀቅ። ሳትዘጋው ከለቀቀች ያወጣኸውን አየር መልሰህ ትጠጣለህ። በመሃል ላይ ዕቃው እንዳይጎድል። ፔዳሉ አልጠነክር ካለህ የእኔን መንገድ ሞክር። ትልቅ ስሪንጅ ዘይት ሙላና ከታች ወደ ላይ ግፋው። አየር ሽቅብ መሄድ ይወዳል፣ ከላይ ሆነህ ቁልቁል ለምን ትጎትተዋለህ? የላይኛው ዕቃ እንዳይሞላና እንዳይፈስ አንድ ሰው ይጠብቅ። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ እጠበው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ዘንጉ በመጀመሪያው መርገጥ 13 እየሄደ፣ ይዘህ ስትቆይም ሳይመለስ፣ ማርሽ አሁንም ከጮኸ፣ ያኔ ችግሩ ካምቢዮው ሳይወርድ የማይታይ ቦታ ነው። የተሰነጠቀ ፎርኬታ፣ ብዙ ቆማ ቮላኖው ላይ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባዱ ሰሃን) በዝገት የተጣበቀ ዲስክ፣ ወይም ቮላኖው መሃል ያለችው ትንሿ ኩሽኔታ ተጣብቃ የካምቢዮውን ዘንግ ከሞተሩ ጋር እያዞረችው ይሆናል። ያኔ ካምቢዮውን አውርድ፣ እኔም ራሴ እረዳሃለሁ።

ጥያቄ፦ የ1988 ቶዮታ ሴሊካ አለኝ። ከሁለት ወር በፊት አዲስ ዲስክ አስገባሁ። ጠዋት ኮምቦልቻ ውስጥ ስነዳ ምርጥ ነው። ወደ ደሴ ስወጣ ዶሮ መዝለያ አካባቢ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጉልበቱ ግን ጎማው ላይ አይደርስም። ደሴ ደርሼ ቡና ጠጥቼ ስመለስ ድኖ አገኘዋለሁ። ዲስኩ የውሸት ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ የውሸት ዲስክ ቡና ጠጥተህ ስትመለስ አይድንም። ያንተ «አልይዝም» የሚለው ነው፣ ሆኖም ዲስኩን ከመውቀስህ በፊት ፔዳሉን በእጅህ ንካው። በጣም ቀስ ብለህ ስትጫነው መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ምንም ሳይነካ መሄድ አለበት። ያንተ ገና ስትነካው የሚከብድ ከሆነ ነገሩ እዚያ ነው።

የላይኛው ፖምፓ ውስጥ ወደ ዘይት ዕቃው የምትወስድ ቀጭን ቀዳዳ አለች። እግርህን ስታነሳ ፒስተኑ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ እሷን መክፈት አለበት። ዲስኩን የቀየረልህ ሰው የፔዳሉን ዘንግ አስረዝሞት ከሆነ ፒስተኑ አይመለስም፣ ቀዳዳዋም ተዘግታ ትቀራለች። ቀዝቃዛ ሳለ ችግር የለም። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲግል ዘይቱም ይግላል፣ ይሰፋል፣ መሄጃ ያጣል። መሄጃ ሲያጣ ፎርኬታውን ይገፋል። አንተ እግርህን አንስተሃል፣ መኪናው ግን ግማሽ ፍሪሲዮን እንደተረገጠ ነው የሚሄደው። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ይሰበሰባል፣ አንተም ዳነ ትላለህ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ችግሩ እንደጀመረ ከመንገድ ወጣ ብለህ ሰፊ ቦታ ላይ ቁም። ዶሮ መዝለያ ጥምዝ ላይ እንዳትሞክረው። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ታኮ አድርግ፣ ሞተሩን አጥፋ። የታችኛውን ፖምፓ የአየር ማውጫ ቪቴ ሩብ ዙር ክፈት፣ ፊትህን አርቀህ። ማንም ሳይረግጥ ዘይት ፊጭ ብሎ ከወጣና ወዲያው ዘግተህ ስትነዳው ጉልበቱ ከተመለሰ፣ ጥፋተኛው ተይዟል። የፔዳሉን ዘንግ ዳዶ አላልተህ ያ ጥቂት ሚሊ ሜትር እስኪመጣ አሳጥረው። ካሳጠርከውም በኋላ ከቀጠለ የጎማ ቱቦውን ቀይር። አሮጌ ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያብጣል፣ ዘይት ያሳልፍና መመለሻ ይከለክላል። እስከዚያ ድረስ ዳገት አትውጣበት። አሁን ጤነኛ የሆነው አዲስ ዲስክህ በሙቀት ይቃጠልና የእውነት ዲስክ ቀያሪ ትሆናለህ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ ስወርድ ነዳጅ ለመቆጠብ ፍሪሲዮን ረግጬ ወይም በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቼ፣ ነው የምወርደው። ለመኪናው ጉዳት አለው? (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

መልስ፦ አለው፣ ላንተም አለው። ነዳጅም አትቆጥብም። ኢንጄክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግርህን ከነዳጅ ስታነሳ ቁልቁለቱ ሞተሩን ያዞረዋል፣ ነዳጁም ይቋረጣል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል። ፍሪሲዮን ረግጠህ ያን ሁሉ ጥምዝ ከወረድክ ኩሽኔታው ሳያርፍ ሲፈጭ ይወርዳል። ከሁሉ የሚብሰው ፍሬኑ ብቻውን መቅረቱ ነው። አዲስ ዶት 3 የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው። ዓመታት ሲቆይ ከአየሩ እርጥበት ይስባል፣ ያኔ 140 አካባቢ ይፈላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ስሪንጁን አስታውስ። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረድ።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮን ስረግጥ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ይሰማኛል። ማርሹ ግን ደህና ይገባል። ልደንግጥ? (ከሐይቅ)

መልስ፦ አትደንግጥ፣ ግን አዳምጠው። መኪናው ቆሞ፣ ፎሌ ላይ፣ ሬዲዮ ጠፍቶ። ገና ስትረግጥ የሚጀምርና ስትለቅ የሚጠፋ ከሆነ ፎርኬታው የሚገፋው ኩሽኔታ ነው። ተቃራኒው፣ እግርህን አንስተህ ሳለ የሚሰማና ስትረግጥ የሚጠፋ ከሆነ የካምቢዮው የፊት ዘንግ ኩሽኔታ ነው፤ እሱ ውድ ነው። እስከ መጨረሻው ስትረግጥ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ቮላኖው መሃል ያለችውን ትንሿን ጠርጥር። አንዳንዴ ደግሞ የፔዳሉ መገጣጠሚያ ቅባት አጥቶ ነው፤ አንድ ጠብታ ቅባት ነክተህ እይ፣ ብዙ ገንዘብ ታተርፋለህ። ካልጠፋ ድምፁን በስልክ ቅዳው። አንዴ እግርህ ፔዳሉ ላይ ሆኖ፣ አንዴ እግርህን አንስተህ። ሁለቱንም ላክልኝ፣ በሚቀጥለው ወር የትኛው እንደሆነ እነግርሃለሁ።